«በነፃ» የተባለው ስልክ እና የመመለሻው መንገድ፦ በአሜሪካ ስልክ ለሚገዙ የንጽጽር መመሪያ

በአሜሪካ ያሉት ሦስቱ ትልልቅ የሞባይል ኩባንያዎች፣ ማለትም ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል፣ አዲስ ስልክ በነፃ እንሰጣለን ብለው ሲያስተዋውቁ ሦስቱም የሚያቀርቡት ውል በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው። ገዢው ስልኩን በሙሉ ዋጋው ያለ ወለድ በዱቤ ይረከባል፤ ዕዳው በእኩል ወርሃዊ ክፍያ ተከፋፍሎ በየወሩ ቢል ላይ ይወጣል፤ ኩባንያው ደግሞ ደንበኛው ከእርሱ ጋር እስከቆየ ድረስ ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ገንዘብ በየወሩ ይቀንስለታል። ስለዚህ ማስታወቂያዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ የትኛው ብዙ ዶላር እንደሚቀንስ ማየት ብዙም ርቀት አያስኬድም። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው የገዢው ሁኔታ ሲለወጥ ነው፦ ስልኩን መመለስ ሲፈልግ፣ ወደ ሌላ ኩባንያ መዛወር ሲያስፈልገው ወይም ስልኩን አገር ቤት ላለ ዘመድ ሊልክ ሲያስብ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም አማራጮቹን የሚመዝነው በዋናነት በዚህ በኩል ነው።

ነፃው ስልክ በቢሉ ላይ ምን ይመስላል?

ቀድሞ የነበረውን የሁለት ዓመት ኮንትራት ብዙዎች ያስታውሱታል። ደንበኛው ስልኩን በቅናሽ ይወስዳል፤ ከጊዜው በፊት ከወጣ ደግሞ የውል ማፍረሻ ቅጣት ይከፍላል። ቲ-ሞባይል ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲተወው ሌሎቹም በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ተከትለውታል፤ ዛሬ የትኛውም ሻጭ «ኮንትራት የለም» ቢል አይዋሽም። ይሁን እንጂ ኮንትራቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ወርሃዊው ተቀናሽ ይሠራዋል።

ለምሳሌ ያህል ዋጋው 900 ዶላር የሆነ ስልክ በ36 ወር ክፍያ ተወሰደ እንበል። ቢሉ ሲመጣ በአንደኛው መስመር የስልኩ ክፍያ፣ ስንተኛው ወር እንደሆነ ከሚገልጽ ቁጥር ጋር፣ 25 ዶላር ተብሎ ይታያል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ የመቀነስ ምልክት ያለበት ሌላ 25 ዶላር ይገኛል። ድምሩ ዜሮ በመሆኑ ስልኩ እውነትም በነፃ የመጣ ይመስላል። ደንበኛው 14 ወር ከፍሎ ለመውጣት ሲወስን ግን ከሁለቱ መስመሮች የሚጠፋው የታችኛው ብቻ ነው። የቀሩት የ22 ወራት ክፍያዎች፣ ማለትም 550 ዶላር፣ በአንድ ጊዜ እንዲከፈሉ ይጠየቃል። ይኸው ስልክ በ24 ወር ክፍያ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ወርሃዊው ክፍያ 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆኖ በዚያው በ14ኛው ወር የሚቀረው 375 ዶላር ይሆን ነበር። ገና ያልደረሱ ወራት ተቀናሽ ላም አለኝ በሰማይ ነውና፣ ስልኩ በእጅ ስላለ ብቻ ቅናሹም በእጅ እንዳለ መቁጠር አይገባም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ቲ-ሞባይል ብልጫ አለው፤ የተለመደው የክፍያ ዘመኑ 24 ወር ሲሆን የቬራይዘን እና የኤቲ ኤንድ ቲ 36 ወር ነው። አንድ ዓመት ቀላል ልዩነት አይደለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰው ከተማ ይቀይራል፣ ሥራ ይለውጣል፣ የስልኩም ባትሪ ይደክማል፤ ዕዳው ግን በቦታው ይቆያል። ሁለት ማስታወቂያዎች እኩል ቅናሽ ካቀረቡ አጭሩን መምረጥ ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነፃ በተባለውም ስልክ ላይ በግዢው ዕለት የሚከፈል ገንዘብ አለ። በብዙ ግዛቶች የሽያጭ ግብሩ የሚሰላው ከቅናሹ በፊት ባለው ሙሉ ዋጋ ላይ ነው፤ ካሊፎርኒያ ለዚህ የታወቀች ናት። ግብሩ 6 በመቶ በሆነበት ቦታ የ900 ዶላር ስልክ 54 ዶላር ያስከፍላል። መስመር ለማስከፈት ወይም ስልክ ለመቀየር ተብሎ የሚታሰበውም የአንድ ጊዜ ክፍያ እዚያው ላይ ይታከላል። የሽያጭ ግብር የሌላት ኦሪገን ውስጥ የሚኖር ሰው ቢያንስ ከፊተኛው ይድናል።

የአገልግሎቱ ፓኬጅ ዋጋ

ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። ከፍተኛው ቅናሽ የሚሰጠው ውድ የሆነውን ገደብ አልባ ፓኬጅ ለሚወስድ ደንበኛ ሲሆን፣ በመሃል ወደ ርካሹ ፓኬጅ መውረድ ተቀናሹን ሊያስቀር ይችላል። አንድ ሰው ብቻውን በወር 85 ዶላር በሚያስወጣ ፓኬጅ ነፃ ስልክ ወሰደ፣ ጓደኛው ደግሞ 900 ዶላሩን ከኪሱ ከፍሎ በወር 40 ዶላር በሚያስከፍል የቅድመ ክፍያ አገልግሎት ተጠቀመ ብለን እናስላ። የወሩ ልዩነት 45 ዶላር ነው፤ በ36 ወር 1,620 ዶላር ይሆናል። በ24 ወር እንኳ ቢታሰብ 1,080 ዶላር ስለሚደርስ ነፃ የተባለው ስልክ ከተገዛው ስልክ የበለጠ አስወጥቷል ማለት ነው።

ሒሳቡ ለቤተሰብ ሲሠራ መልኩን ይቀይራል። በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ መስመር ሲበዛ የእያንዳንዱ መስመር ዋጋ ስለሚወርድ፣ አራት መስመር ያለው ቤተሰብ ለአንዱ መስመር 50 ዶላር ቢከፍልና የቅድመ ክፍያው 30 ዶላር ቢሆን ልዩነቱ በ36 ወር ለእያንዳንዱ መስመር 720 ዶላር ብቻ ነው፤ ይህም ከአንዱ ስልክ ዋጋ፣ ከ900 ዶላር፣ ያነሰ ሲሆን ለአራቱም መስመር ስልክ ይገኛል። እንግዲህ አራትና አምስት ሆነው ለረዥም ጊዜ በአንድ ኩባንያ ለሚቆዩ ሰዎች የኩባንያው ስጦታ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ለብቸኛ ደንበኛ፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታና በቤት ዋይፋይ ለሚጠቀም፣ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይለያይ እንጂ ስሌቱ ይኸው ነው፦ የፓኬጁን ልዩነት በወራቱ አባዝቶ ከስልኩ ዋጋ ጋር ማስተያየት።

የቅድመ ክፍያ አገልግሎት ሲባል የግድ ደካማ ኔትወርክ ማለት አይደለም። ቪዚብል እና ስትሬት ቶክ የቬራይዘን፣ ክሪኬት የኤቲ ኤንድ ቲ፣ ሜትሮ እና ሚንት ሞባይል ደግሞ የቲ-ሞባይል ንብረት ናቸው፤ የሚሠሩትም በእነዚሁ ኩባንያዎች ምሰሶዎች ነው። ሕዝብ በሚበዛበት ሰዓት የቅድመ ክፍያ ደንበኞች ፍጥነት ሊቀንስ መቻሉ እውነት ነው፤ ይህን የሚያጋጥመው ሰው በስታዲየም ወይም በትልቅ በዓል ላይ ቪዲዮ ለማስተላለፍ ሲሞክር እንጂ መንገድ ላይ ካርታ ሲከፍት አይመስለኝም። እነዚህ አገልግሎቶች ራሳቸው በርካሽ የሚሸጧቸው ስልኮች ግን በሌላ ኩባንያ ሲም እንዳይሠሩ ለረዥም ጊዜ ተቆልፈው እንደሚቆዩ ልብ ይሏል።

አዲስ መጤዎችም በዚህ መንገድ ቢጀምሩ ይመረጣል። የብድር ታሪክ የሌለው ሰው ወደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲሄድ ነፃ በተባለው ስልክ ላይ ሳይቀር ቅድሚያ ገንዘብ አስቀምጥ ሊባል ይችላል። በዘመድ ስም መስመር መክፈት ችግሩን ለጊዜው ቢያቀልም፣ ዕዳው የሚጻፈው በዘመዱ ስም መሆኑንና መለያየት በሚመጣበት ጊዜ ስልኩም ቁጥሩም በባለ አካውንቱ ፈቃድ ሥር እንደሚሆኑ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ስልክ መመለስ፦ ስንት ቀን፣ በስንት ዶላር

ብዙ ሰው ማንኛውንም ግዢ በሦስት ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት በሕግ ያለው ይመስለዋል። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን የሦስት የሥራ ቀናት ደንብ በእርግጥ አለ፤ የሚያገለግለው ግን ሻጭ ቤት ድረስ መጥቶ ወይም በሆቴል አዳራሽ፣ በባዛርና ይህን በመሰለ ጊዜያዊ ቦታ ለሸጠው ዕቃ ነው። በበዓል ሜዳ ድንኳን ጥሎ ከሚሸጥ ሰው ለገዛ ሊጠቅም ይችላል። ሱቅ ገብቶ ወይም በኢንተርኔት አዝዞ የገዛ ሰው የሚተማመነው ኩባንያው ራሱ ባወጣው የመመለሻ ደንብ ነው፤ ይህም ከሻጭ ሻጭ ይለያያል።

ቬራይዘን በዚህ ረገድ ለጋስ ነው፤ 30 ቀን ይሰጣል። ኤቲ ኤንድ ቲ 14 ቀን ይሰጣል። ቲ-ሞባይል ከሱቅ ለተገዛ 14 ቀን፣ በፖስታ ለተላከ 20 ቀን ይፈቅዳል። ሦስቱም ግን ስልኩን መልሰው ወደ መደርደሪያ ለማስገባት ብለው ክፍያ ይቀንሳሉ፤ በውድ ስልክ ላይ ከ50 እስከ 75 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። አፕል በራሱ ሱቅና ድረ ገጽ ለሸጠው ስልክ 14 ቀን ይሰጣል፤ ሳጥኑ ተከፍቶ ቢሆንም እንኳ እንዲህ ያለ ክፍያ አይጠይቅም። ቤስት ባይ 14 ቀን ይሰጥና 45 ዶላር ይቀንሳል። ቀናቱም ክፍያዎቹም በየጊዜው ስለሚከለሱ በግዢው ዕለት በደረሰኙ ላይ የታተመው ነው የሚጸናው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ የበዓል ሰሞን ሲሆን ደግሞ ብዙ ሻጮች ቀኑን ያራዝማሉ።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የሦስቱን ኩባንያዎች ቅናሽ አፕል በራሱ ሱቅ በኩልም ይሸጣል፤ ከዚያ የተገዛው ስልክ የሚመለሰው ወደዚያው ሲሆን ደንቡም የአፕል ነው። ቅናሹ አንድ ከሆነ፣ የሚያመነታ ገዢ በዚያ በኩል ቢገዛ ሐሳቡን ሲቀይር ቢያንስ የመመለሻውን 50 ዶላር ያተርፋል።

ከኩባንያው ሱቅ ወይስ ከወኪሉ?

በሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን በአሌክሳንድሪያ ወይም በዳላስ፣ የአንዱን ኩባንያ ምልክት ሰቅለው ከምናያቸው ሱቆች ብዙዎቹ የኩባንያው ንብረት አይደሉም፤ በፈቃድ የሚሠሩ ወኪሎች ናቸው። በአማርኛ የሚያስተናግድ ሻጭ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እነርሱ ዘንድ ነው፤ ይህ ለእናቶችና ለአባቶች ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም። «እማዬ፣ ስልኩ በነፃ ነው፤ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ» የሚለው ወጣት ስልኩን በተመለከተ አላታለለም። ነገር ግን ገቢው ከሽያጭ ኮሚሽን ስለሆነ፣ መድን፣ የመስታወት መከላከያ፣ ማቀፊያ፣ አንዳንዴም ማንም ያልጠየቀው ታብሌት ወይም የእጅ ሰዓት ከራሱ ወርሃዊ መስመር ጋር በዚያው ፊርማ ሊካተት ይችላል። ታብሌቱም ነፃ ሊባል ይችላል፤ የታብሌቱ መስመር ግን በየወሩ ያስከፍላል።

ከመመለስ አንጻር ሲታይ ወኪሉ ደካማው አማራጭ ነው። ከወኪል የተገዛ ስልክ የሚመለሰው ወደዚያው ወኪል እንጂ ወደ ማንኛውም የኩባንያው ሱቅ አይደለም፤ ወኪሉ የራሱ የመመለሻ ደንብና ክፍያ ሊኖረው ይችላል፤ መለዋወጫዎቹንም ላይቀበል ይችላል። ሱቁን ለይቶ ለማወቅ በሩ ላይ ወይም ደረሰኙ ግርጌ «የተፈቀደለት ነጋዴ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሌላ የድርጅት ስም ጋር መኖሩን ማየት ይበቃል። ከመፈረም በፊት የመጀመሪያው ወር ቢል በሙሉ ስንት እንደሚሆን ሻጩ በወረቀት ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥሩ ሻጭ ይጽፋል።

አሮጌ ስልክ አስረክቦ አዲስ መውሰድ

ትልልቆቹ ቅናሾች ብዙ ጊዜ አሮጌ ስልክ ማስረከብን ይጠይቃሉ፤ ሲመለስም ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ይህ ዓይነት ነው። አዲሱን ስልክ በሚፈቀደው ጊዜ ውስጥ መመለስ ቢቻልም፣ ያስረከቡት አሮጌ ስልክ በአብዛኛው ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ አዲሱ ስልክ እንደሚስማማ እርግጠኛ ሳይሆኑ አሮጌውን መላክ አይገባም። ለመላክ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው፤ ጊዜውን ሳያሳልፉ ጥቂት ቀናት መታገሥ አያከስርም።

በሚላክበት ጊዜ የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ላኪው ስልኩ ደህና ነበር ይላል፤ ተቀባዩ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ደረሰኝ ይላል፤ የ800 ዶላሩ ቅናሽም ወደ 90 ዶላር ይወርዳል። ስለዚህ ስልኩን ከማሸግዎ በፊት አብርተው የአይኤምኢአይ ቁጥሩ (እያንዳንዱ ስልክ የሚለይበት የራሱ ቁጥር) በሚታይበት ገጽ ላይ ፎቶ ያንሡት፤ ከፊትም ከኋላም ያንሡት፤ የፖስታ መከታተያ ቁጥሩን ይያዙ። አይፎን ከሆነ የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን ማጥፋት የግድ ነው፤ ካልጠፋ ስልኩ በባለቤቱ አካውንት ተቆልፎ ስለሚደርስ ተቀባዩ ዋጋ አይሰጠውም። ተቀናሹ በመጀመሪያው ቢል ላይ ካልታየ አይደንግጡ፤ እስከ ሦስተኛው ቢል ድረስ ሊዘገይ ይችላል። በሦስተኛውም ካልታየ ግን ማመልከት ያስፈልጋል፤ ያኔ የሚረዳው ያ ፎቶና ያ ቁጥር ነው።

የመመለሱ ሥራ ራሱ

ስልኩን መመለስ አገልግሎቱን መሰረዝ እንዳልሆነ ብዙዎች የሚያውቁት ሁለተኛው ቢል ሲመጣ ነው። ቀፎው ከተመለሰ በኋላም መስመሩ ሕያው ሆኖ ወርሃዊ ክፍያ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ መሰረዙ በተለየ ጥያቄ ይፈጸማል። ቁጥሩን ወደ ሌላ ኩባንያ ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ አለበት፤ መስመሩ ከተሰረዘ በኋላ ቁጥሩን ማስመለስ ከባድ ስለሆነ ማዛወሩ ይቀድማል። ስልኩ ከነሳጥኑና ከነገመዱ፣ መረጃው ተጠርጎ፣ ከአካውንት ወጥቶ መቅረብ አለበት። የተመለሰበት ደረሰኝ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን መያዙን ሳያረጋግጡ ከሱቁ አይውጡ።

የመመለሻው ቀን ካለፈ በኋላ ለተበላሸ ስልክ መሄጃው የአምራቹ ዋስትና ነው። አፕልም ሳምሰንግም በአሜሪካ የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ወድቆ የተሰበረን ወይም ውኃ የገባውን ግን አይሸፍንም። በዚህ መንገድ የሚመጣው ምትክ አብዛኛውን ጊዜ የታደሰ ስልክ ነው፤ አዲስ ቀፎ በአዲስ ቀፎ የሚለወጠው በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ነውና ጉድለት ያየ ሰው ዛሬ ነገ ማለት የለበትም።

ለአገር ቤት የሚላክ ስልክ

ለእኛ ማኅበረሰብ ይህ ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይመዝናል። በክፍያ ላይ ያለ ስልክ ለኩባንያው የተቆለፈ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ቢገባበት አይቀበልም። ኤቲ ኤንድ ቲ ስልኩን የሚከፍተው ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅና ቢያንስ 60 ቀን በአገልግሎት ላይ ሲቆይ ነው፤ ቲ-ሞባይልም ሙሉ ክፍያና 40 ቀን ይጠይቃል። ቬራይዘን እ.ኤ.አ. በ2008 ከተካሄደ የሬዲዮ ሞገድ (ኔትወርኩ የሚሠራበት) ጨረታ በመነጨ ግዴታ ለዓመታት ስልኮቹን ከ60 ቀን በኋላ ዕዳ እያለባቸውም ሲከፍት ኖሯል፤ በ2025 ግን ግዴታው እንዲነሣለት ጠይቋል። ስለዚህ «ቬራይዘን በሁለት ወር ይከፈታል» የሚለውን የቆየ ምክር ዛሬ ለሚገዙት ስልክ አይመኑበት፤ የግዢውን ዕለት ደንብ ያንብቡ።

ስልኩ ተከፍቶ ከተላከ በኋላም ዕዳው ካልተከፈለ ኩባንያው የአይኤምኢአይ ቁጥሩን በታገዱ ስልኮች መዝገብ ሊያስገባው ይችላል። ይህ ከግለሰብ እጅ ያገለገለ ስልክ ገዝቶ ለሚልክም ይሠራል፤ ርካሽ የሆነበት ምክንያት የሻጩ ያልተከፈለ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። ከአይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ በኢ-ሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ይሠራሉ። ተቀባዩ እናት ወይም አባት ከሆኑና የሚኖሩት ከትልልቅ ከተሞች ርቀው ከሆነ፣ ኢ-ሲም ማስወጣት መቻላቸውን ሳያጣሩ እንዲህ ያለ ስልክ መላክ አይመከርም። ለሚላክ ስልክ የእኔ ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ከአምራቹ በሙሉ ዋጋ የተገዛ፣ ያልተቆለፈና ማስገቢያ ያለው ሳምሰንግ።

ክርክር ሲነሣ

ቃል የተገባው ተቀናሽ ካልመጣ ወይም የተመለሰው ስልክ አልደረሰንም ከተባለ በስልክ መስመር ላይ ለሰዓታት መጠበቅ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ለፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በነፃ አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፤ ኩባንያውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። እንዲህ ያለውን አቤቱታ የሚይዙት ሰዎች በተራው የደንበኞች መስመር ከሚገኙት የበለጠ የመወሰን ሥልጣን አላቸው። በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። በዴቢት ካርድ የከፈለ ሰው ይህን ያህል ጥበቃ የለውም፤ ስለዚህ በግዢው ዕለት ግብሩም ይሁን ቅድሚያው በክሬዲት ካርድ ቢከፈል ይሻላል።